አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ለምን ደጋግሞ ይቋረጣል?

ኮምፒዩተርን በቤት ውስጥ በገዛ እጅ ገጣጥሞ መሥራት ዛሬ የመሐንዲሶች ብቻ ሙያ መሆኑ ቀርቷል። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን፣ ግራፊክስ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ለየብቻ ገዝቶ በአንድ ኬዝ ውስጥ ለማሰር አንድ ካቻቢቴና የጥቂት ሰዓታት ትዕግሥት ይበቃል። እውነተኛው ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ ዊንዶውስም ይጫናል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ችግር ከሠራ በኋላ ግን በድንገት ይጠፋል፣ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ደርቆ ይቀራል። በማግስቱ ሙሉ ቀን ሳይነካው ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይቋረጣል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ በግምት ዕቃ መቀየር ነው። መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያም ማዘርቦርድ ይገዛል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ገንዘቡ ያልቃል፤ ጥርጣሬው ግን ባለበት ይቀራል። ከገንዘቡም የከፋ ጉዳት አለ። ኮምፒዩተሩን የሚያቋርጠው ስሕተት ሁልጊዜ አያቋርጠውም። አንዳንዴ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለችን አንዲት ቢት ለውጦ ዝም ይላል፤ የተበላሸውም መረጃ በዲስኩ ላይ ይጻፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የላቦራቶሪ መረጃ የያዘ ፋይል ባለቤቱ ሳያውቀው የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ የሚቋረጥን ኮምፒዩተር «ይለምድበታል» ብሎ መተው አይገባም። በዚህ ጽሑፋችን የብልሽቱ ምንጮች በተፈጥሯቸው ምን እንደሆኑና ምንጩን በግምት ሳይሆን በሳይንሳዊ ዘዴ እንዴት መለየት እንደሚቻል ለማብራራት እንሞክራለን።

የምልክቶቹ ትርጉም

ሐኪም ሕመምተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ እኛም በመጀመሪያ ምልክቶቹን መለየት ይኖርብናል። ድንገተኛ መቋረጥ በአራት ዓይነት መልክ ይታያል።

የመጀመሪያው፣ ኮምፒዩተሩ ያለ ምንም መልእክት መብራት እንደጠፋበት ድርግም ማለቱ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የኃይል አቅርቦትን ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ሁለተኛው፣ የስሕተት ኮድ የያዘው የዊንዶውስ ገጽ መውጣቱ ነው። ይህ ለብዙ ዓመታት «ሰማያዊው ገጽ» እየተባለ ሲታወቅ የቆየ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ቀለሙን ወደ ጥቁር ለውጦታል። ሦስተኛው፣ ምስሉ ደርቆ ኪቦርዱና ማውሱ አልታዘዝ ማለታቸው ነው። አራተኛው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ አንድ ፕሮግራም ብቻ ደጋግሞ መዘጋቱ ነው።

ዊንዶውስ እነዚህን ክስተቶች «ኢቨንት ቪወር» በሚባለው መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ በመዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር» የሚልና መለያ ቁጥሩ 41 የሆነ መስመር ይገኛል። ስሙ «ፓወር» የሚል ቃል ስላለው ብቻ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብለው የሚደመድሙ አሉ። ነገር ግን መስመሩ የሚናገረው ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ብቻ ነው። የደረሰውን ነገር ይመዘግባል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። በአንጻሩ በ124 የሚያልቀው የስሕተት ኮድ ትልቅ ዋጋ ያለው ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ሃርድዌሩ ራሱ ሊታረም የማይችል ስሕተት እንዳገኘ ሪፖርት ማድረጉን ያመለክታል። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነም ይህ ራሱ መረጃ ነው። አንድ የተበላሸ ድራይቨር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኮድ ሲደጋግም፣ የታመመ ራም ግን የትኛውንም ፕሮግራም በዘፈቀደ ስለሚመታ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ኮድ ያሳያል።

ሶፍትዌር ነው ወይስ ሃርድዌር?

የምርመራው የመጀመሪያ ትልቅ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት የሚረዳ ቀላል ዘዴም አለ። በፍላሽ ዲስክ ላይ የተጫነ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በማስነሣት፣ የውስጥ ዲስኩን ሳንነካ ኮምፒዩተሩን ለብዙ ሰዓታት በከባድ ሥራ መጥመድ እንችላለን። በዚህ ሁኔታም የሚቋረጥ ከሆነ ዊንዶውስና ድራይቨሮቹ ከተጠያቂነት ነፃ ይሆናሉ። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አንድ ዓይነት ጉድለት ይኖራቸዋል ብሎ ማሰብ አይቻልምና። በተቃራኒው በሊኑክስ ላይ በሰላም ሠርቶ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ድራይቨሮቹና ወደ ውስጥ ዲስኩ ያዘነብላል። የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አስወግዶ ከአምራቹ በተገኘ አዲስ መተካትና የማዘርቦርዱን ባዮስ ማደስ ገንዘብ የማይጠይቁ በመሆናቸው ዕቃ ከመግዛት በፊት መቅደም ያለባቸው እርምጃዎች ናቸው።

ማኅደረ ትውስታ፦ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ

16 ጊጋባይት ራም ከ137 ቢሊዮን በላይ ቢቶችን ይይዛል። እያንዳንዱ ቢት እጅግ ደቃቅ በሆነ ካፓሲተር ውስጥ በተከማቸ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይወከላል። ይህ ቻርጅ ቀስ በቀስ ስለሚያፈስ በ64 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መታደስ አለበት። ከነዚህ ሁሉ ቢቶች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ደካማ ቢሆኑ፣ ስሕተቱ የሚታየው ጠቃሚ መረጃ በእነዚያ ቦታዎች ላይ በተቀመጠ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ሰላም ውሎ በማግስቱ የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የራም ስሕተት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢያንካ ሽሮደር፣ ኤድዋርዶ ፒንሄሮና ቮልፍ ዲትሪች ቬበር በጉግል ሰርቨሮች ላይ ያካሄዱትን ጥናት አቅርበው ነበር። በውጤታቸው መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከራም ካርዶቹ መካከል ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሊታረም የሚችል ስሕተት አሳይተዋል። አብዛኛው ስሕተት ከጠፈር በሚመጣ ጨረር የሚፈጠር አላፊ ክስተት ሳይሆን በዕቃው ላይ ካለ ቋሚ ጉድለት የሚመነጭ እንደሚመስልም አመልክተዋል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ራም እንደገና የመሳሳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው ማለት ነው። ሰርቨሮች ስሕተትን የሚያርም ልዩ ራም ስላላቸው ጉዳቱን ይቋቋሙታል። አብዛኛው የቤት ኮምፒዩተር ግን ይህ መከላከያ የለውም። ዲዲአር5 የሚባለው ትውልድ በቺፑ ውስጥ የራሱ ማረሚያ ቢኖረውም፣ መረጃው ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ለሚደርስ ስሕተት መከላከያ አይሆንም።

በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በራም ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የራሙ መደበኛ ፍጥነት አይደለም። «6000» ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 ራም ባዮሱ ካልታዘዘ በስተቀር በ4800 ወይም በሌላ መደበኛ ፍጥነት ይነሣል። ወደ 6000 የሚደርሰው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው ቅንብር ሲከፈት ነው። ይህም ራሙን ብቻ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የማኅደረ ትውስታ ተቆጣጣሪና የማዘርቦርዱን መስመሮች ጭምር ከመደበኛው በላይ ማሠራት ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ጤናማ ሆነው ሳለ አንድ ላይ በዚያ ፍጥነት ሊስማሙ አይችሉ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ይህን ቅንብር መዝጋትና በመደበኛው ፍጥነት መሞከር ነው። ሁለት ራም ካርዶች ያሉት ሰውም አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ተቆጥረው ሁለተኛውንና አራተኛውን ማስገቢያ መጠቀም እንዳለበት ከማዘርቦርዱ መመሪያ ማረጋገጥ ይገባዋል። ዲዲአር5 ያለው ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የራሙን ቅንብር ለመለካት ብዙ ደቂቃዎች ስክሪኑን ጨለማ አድርጎ ሊቆይ እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ለራም ምርመራ ሜምቴስት86 የሚባለው ፕሮግራም በሰፊው ያገለግላል። ፕሮግራሙ ያለ ዊንዶውስ ከፍላሽ ዲስክ ተነሥቶ በየቢቱ ላይ የታወቁ ቁጥሮችን ይጽፋል፤ መልሶም ያነባቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ መተው ተገቢ ነው። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ «ጥቂት ነው» ተብሎ አይታለፍም። ከዚያ በኋላ ካርዶቹን አንድ በአንድ፣ በአንድ ማስገቢያ ላይ መፈተን ይቀጥላል። ስሕተቱ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ካርዱ፣ ከማስገቢያው ጋር ከቀረ ደግሞ ማዘርቦርዱ ወይም የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ተጠያቂ ይሆናል።

ኃይል፦ ከግድግዳው እስከ ፕሮሰሰሩ

ፓወር ሰፕላይ 220 ቮልቱን የከተማ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የኤቲኤክስ ደረጃ መሠረት እነዚህ ቮልቴጆች ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲሉ አይፈቀድም። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የኦም ሕግ ቀጥተኛ ጥቅም ይሰጠናል። አንድ ግራፊክስ ካርድ ከ12 ቮልት መስመር 300 ዋት ይወስዳል እንበል። የሚያልፈው ከረንት 25 አምፒር ይሆናል። ሶኬቱ በደንብ ባለመገባቱ 0.01 ኦም ብቻ የሆነ ተጨማሪ ሬዚስታንስ ቢፈጠር፣ በዚያች ቦታ 0.25 ቮልት ይጠፋል፤ 6.25 ዋት ሙቀትም ይፈጠራል። ይህ ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚበቃ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት ኬብሎቹን ሁሉ ነቅሎ እስኪቆልፉ ድረስ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ የቅጽበታዊ ፍላጎት ጉዳይ ነው። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ በአማካይ ከሚወስደው ኃይል እጅግ የበለጠ ኃይል በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ለሚቆጠር ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተሰኘው ደረጃ፣ ለእነዚህ ካርዶች የሚያገለግል ፓወር ሰፕላይ የተመዘገበውን አቅም እጥፍ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲሸከም ያስገድዳል። አቅሙ በወረቀት ላይ የሚበቃ የመሰለ የቀድሞ ፓወር ሰፕላይ በጨዋታ መሀል ድርግም የሚለው ይህ ቅጽበታዊ ጭነት የመከላከያ ሰርኪዩቱን ስለሚቀሰቅሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ የከተማው ኤሌክትሪክ ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ መስመር አንድ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ በካፓሲተሩ ውስጥ ባጠራቀመው ኃይል ሊቆይ የሚችለው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አምፖሉ ለዓይን ብልጭ ብሎ የተመለሰበት ቅጽበት ለኮምፒዩተሩ ሙሉ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። እንደኛ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅና መቆራረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ፣ መቋረጦቹ የደረሱባቸውን ሰዓታት መዝግቦ ከመብራቱ ሁኔታ ጋር ማነጻጸር ብልህነት ነው። በጥሩ ዩፒኤስ ላይ ሲሰካ ችግሩ የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ጤናማ ነበር ማለት ነው። የምድር ሽቦ በሌለው ማከፋፈያ ላይ ኮምፒዩተርን መሰካትም መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው። በውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተር ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሙቀት

ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው መጠን ያድጋል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢጨምር ኃይሉ በ21 በመቶ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ተለውጦ በማቀዝቀዣው በኩል መውጣት አለበት። የብዙ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደዚያ ሲቃረብ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ አሁንም ካልወረደ ኮምፒዩተሩን ያጠፋዋል።

በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ የተለመዱት ስሕተቶች ጥቂት ናቸው፦ ከማቀዝቀዣው ሥር የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ሳይልጡ ማሰር፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ተርማል ፔስት መርሳት፣ አራቱን ብሎኖች እኩል ሳያጠብቁ መተው፣ እንዲሁም ፋኖቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ወይም ሁሉንም ወደ ውጭ እንዲነፍሱ አድርጎ መግጠም። በከፍታ ላይ ለሚኖር ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለልን ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው የአየር ክብደት ስለሚያንስ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ያካክሰዋል፤ ሆኖም ለባሕር ጠለል ልክክ ብሎ የተመረጠ ማቀዝቀዣ እዚህ የሚተርፈው አቅም አነስተኛ ነው።

መልእክቱ ሲያሳስት፦ የ2024ቱ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለምን ያነጋገረ አንድ ታሪክ ለምርመራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። 13ኛና 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችን የገጠሙ ብዙ ተጠቃሚዎች ጨዋታዎች እየተቋረጡባቸው «የግራፊክስ ማኅደረ ትውስታ አልበቃም» የሚል መልእክት ያዩ ነበር። መልእክቱ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስለሚጠቁም ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በካርዱና በድራይቨሩ ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን የፕሮሰሰሩ ሆኖ ተገኘ። ኢንቴል በዚያው ዓመት እንዳስታወቀው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሥራ ምቱን የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት በከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ምክንያት ያለ ጊዜው ያረጅ ነበር። ኩባንያው ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በባዮስ ማደሻ አማካይነት የሚሰጥ ማስተካከያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጤናማውን ፕሮሰሰር ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ የስሕተት መልእክት የሚነግረን ስሕተቱ የታየበትን ቦታ እንጂ የተፈጠረበትን አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲስ ዕቃ ሁሉ ጤናማ ነው የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

ስንት ሰዓት መፈተን ይበቃል?

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ነጥብ ደርሰናል። ኮምፒዩተሩ በአማካይ በየሁለት ሰዓቱ ይቋረጣል እንበል። ራሙን ቀይረን ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ቢሠራ ችግሩ ተፈቷል ማለት እንችላለን? አንችልም። መቋረጦቹ በዘፈቀደ የሚደርሱ ከሆነ፣ ምንም ነገር ሳይስተካከል እንኳ ሁለት ሰዓት በሰላም የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ነው። አራት ሰዓት በሰላም የማለፍ ዕድሉ 14 በመቶ፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ 5 በመቶ ይሆናል። ከዚህ አንድ ቀላል ደንብ ይወጣል፦ ማንኛውም ለውጥ ከተደረገ በኋላ ፈተናው ከአማካዩ የመቋረጫ ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ መቆየት አለበት። በቀን አንድ ጊዜ ለሚቋረጥ ኮምፒዩተር ይህ ሦስት ቀን ማለት ነው። ይህን ደንብ ያልጠበቀ ሰው ጤናማውን ዕቃ ጥሎ የታመመውን ሊያስቀር ይችላል።

ጊዜውን ለማሳጠር ያለው መንገድ መቋረጡን ሆን ብሎ ማፋጠን ነው። ፕሮሰሰሩን ብቻ፣ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስጨንቁ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አሉ። በተናጠል ሲፈተኑ ሁለቱም ጸንተው አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የጋራቸው የሆኑት ፓወር ሰፕላዩና የኬዙ ሙቀት ዋና ተጠርጣሪዎች ይሆናሉ።

በግማሽ መክፈል

ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ አንድ በአንድ መፈተን ጊዜ ይፈጃል። ለሁለት መክፈል ግን ፈጣን ነው። በእያንዳንዱ ፈተና ግማሹን ነፃ ማውጣት ከቻልን ስምንት ተጠርጣሪዎች በሦስት፣ አሥራ ስድስት ደግሞ በአራት ፈተና ወደ አንድ ይወርዳሉ። በተግባር ይህ ማለት ኮምፒዩተሩን ወደ አነስተኛው ቅርጹ ማውረድ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም ካርድና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀራሉ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ግራፊክስ ካርዱም ይወጣል። ይህ ቅርጽ ጸንቶ ከሠራ ጥፋቱ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ ዘንድ ነው፤ ካልጸና ከቀሩት መካከል ነው። ዕቃዎቹን ከመንካት በፊት ኮምፒዩተሩን ከግድግዳው መንቀልና የኬዙን ብረት በመንካት የሰውነትን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማስወገድ ያስፈልጋል። እኛ ሳይሰማን የሚያልፍ ቻርጅ ቺፕን ሊያበላሽ ይችላልና።

በዚህ ሁሉ ሂደት ሁለት ሕጎች አይጣሱም። የመጀመሪያው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ራሙንና ድራይቨሩን በአንድ ምሽት የቀየረ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድንለት እንኳ ያዳነውን አያውቅም። ሁለተኛው፣ የተለወጠውን፣ የተፈተነበትን የሰዓት ብዛትና ውጤቱን በደብተር መጻፍ ነው። ይህ ደብተር በኋላ ዕቃውን በዋስትና ለማስለወጥ ሻጩ ፊት ስንቀርብ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ያሳምናል። ደረሰኙንና ማሸጊያውን ማስቀመጥም የዚሁ አካል ነው።

በአጠቃላይ፣ የሚቋረጥ ኮምፒዩተር የተረገመ ዕቃ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ራሙ፣ ኃይሉ፣ ሙቀቱ፣ ፕሮሰሰሩና ሶፍትዌሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ። ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ግን ማንኛውንም ጠቃሚ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ ማስቀመጥና በታመመው ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ሥራ አለመጀመር ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ በሽታውን ሆን ብሎ አይደብቅም፤ የሚደበቀው እኛ ሳንለካ ስንገምት ነው። ገምቶ መላምት መፍጠር፣ መላምቱን በአንድ ፈተና መመርመር፣ ውጤቱን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ማለፍ በላቦራቶሪ የምንማረው ዘዴ ነው። ቤት ውስጥ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒዩተር ይህን ዘዴ ያለ ምንም ወጪ የምንለማመድበት ቅርብ ላቦራቶሪ ነው።